ቤት ስለ መግዛትና ስለ ውል

ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከገንዘቡ ሌላ ምን ማዘጋጀት ይገባዋል ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ሆነ በጽዋ ማኅበር፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በዕድር ስብሰባ ጥያቄው ይከተለናል። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ በልጅነታችን ዳዊት ደግመን፣ ድቁና ተቀብለን፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆችን በማስተማር የምንኖር ነን። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ሰው በመንደሩ ለሽምግልና መጠራቱ አይቀርምና፣ ያየነውንና ከሕጉ ያነበብነውን ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ልናካፍል ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብልን ጥያቄ፣ «በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ለዚህስ አባታችን አብርሃም አስቀድሞ መልስ ሰጥቶበታል። ሣራ ባረፈች ጊዜ ኬጢያዊው ኤፍሮን የመቃብሩን ስፍራ ያለ ዋጋ ልስጥህ ቢለው አብርሃም አልተቀበለም። በከተማይቱ በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፤ እርሻውም ዋሻውም በዙሪያው የነበረውም ዛፍ ጸናለት። ይህን ያደረገው ኤፍሮንን ጠርጥሮት አይመስለንም፤ ሁለቱም ካለፉ በኋላ ለሚመጡት ልጆች አስቦ እንጂ። አባቶቻችንም ይህንኑ ልማድ ያውቁ ነበር፤ በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭና ስጦታ ከእማኞቹ ስም ጋር በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር።

ይህ ሲጓደል የሚሆነውን በዓይናችን አይተናል። በአጥቢያችን ሁለት ወዳጆች ነበሩ፤ አንደኛው የሌላውን የበኵር ልጅ ክርስትና ያነሡ ናቸው። የልጁ አባት ቤታቸውን ለክርስትና አባቱ ሸጡ። ውሉ በደብተር ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ሦስት ሽማግሎች ፈረሙበት፤ ገንዘቡ ተከፈለ፤ ቁልፉም ተሰጠ። ካርታው ግን በሻጩ ስም እንደ ሆነ ቀረ፤ የሻጩንም ባለቤት «ይስማሙበታል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ከ9 ዓመት በኋላ ሻጩ ዐረፉ። ልጆቻቸው ካርታውን አውጥተው ቤታችንን ልቀቁልን አሉ። ለዕርቅ በተጠራን ቀን በግራ የተቀመጡትም በቀኝ የተቀመጡትም ያስተማርናቸው ልጆች ነበሩ። የሟቹ ባለቤት፣ «ገንዘቡ መከፈሉን አውቃለሁ፤ እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?» ብለው ዝም አሉ። ከሽማግሎች መካከል መልስ ያገኘላቸው አልተገኘም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ውሉ በሚገባው ስፍራ ቀርቦ አልተመዘገበምና ፈረሰ። ገዢው ቤቱን አስረክበው ቀድሞ የከፈሉትን ብር ብቻ እንዲቀበሉ ተፈረደ፤ ያ ብር ግን በዚያን ጊዜ አጥር እንኳ የማያሳጥር ሆኖ ነበር። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አላየንም። የክርስትና አባትና ልጅ ግን እስከ ዛሬ በአንድ መቅደስ እያስቀደሱ አይነጋገሩም።

እንግዲህ ሕጉ የሚያዝዘው ምንድር ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በቍጥር 1185 ደግሞ ባለቤትነቱ ወደ ገዢው የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈራረም፣ ቀጥሎም ስሙን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማዛወር። ፊተኛውን ፈጽሞ ኋለኛውን የተወ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ቆመ ይወቀው።

«የምንገዛው ምኑን ነው?» የሚሉም አሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይናገራል። ስለሆነም የሚገዛው ቤቱና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት የተከራየ ሰው ቤቱን ሊሸጥ አይችልም፤ የጨረቃ ቤትም ቢያምር ካርታ የለውም። ቀብድ ከመስጠት በፊት ካርታውን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መሄድ፣ ቤቱ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ሥር አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የሟች ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃና የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ይፈለጋል። ይህን ሁሉ ደላላው አጣርቻለሁ ቢልም ገዢው ራሱ ሄዶ ይይ።

ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በሕጉ መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ስለ ባልና ሚስት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዝዛል። በተክሊል አንድ ሥጋ የሆኑ ሰዎች ለዚህ የሕግ ግድ ባላስፈለጋቸውም ነበር፤ የዚያች እናት ጥያቄ ግን እንደሚያስፈልግ አስተምሮናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን በወኪል ሲገዙና ሲሸጡ እናያለን። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያሻል። ወካዩም ሲሞት ውክልናው በመሠረቱ ይቀራልና፣ ከወኪል የሚገዛ ሰው ወካዩ በሕይወት መኖሩን ይጠይቅ።

በመጨረሻም ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ፤ ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን አሳንሰን ብንጽፍስ? ይላሉ። ጌታችን ስለ ግብር የተናገረውን የሚያውቅ ክርስቲያን በሐሰት ወረቀት ላይ እጁን ሊያኖር አይገባውም። ከዚህም በቀር ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ገዢው አስመልሳለሁ ሲል የሚቀርብበት በገዛ እጁ የፈረመው ቍጥር ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባ ሳለች ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው። እኛም ውላችንን፣ ካርታችንንና የክፍያ ደረሰኛችንን በአንድ ስፍራ እናኑር፤ ያኖርንበትንም ስፍራ ባልም ሚስትም፣ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆችም ይወቁት። በቃል ያለ ይረሳልና። አምላከ አብርሃም ቤታችንን ይባርክልን፤ ወዳጆቻችንንም ያኑርልን፤ አሜን።