አሮጌ ሃይሉክስ ስትገዙ መጀመሪያ ፍሬን

ዛሬ ስለ ሰብል አይደለም። አምና ከወንድሜ ጋር ለወተት ማመላለሻ አሮጌ ሃይሉክስ ገዛን። በተረፈን ብር ቀለም አስቀባነው፤ ሰው ምን ይላል ብለን!

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ገባ። ማርሽ እየቀነስኩ በመከራ ቆምኩ። ወተቱ ተደፋ።

መካኒኩ ሲያየው ሸራው አልቋል፣ የፍሬን ዘይቱም አርጅቷል። ይሄ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት።

ቀጥሎ ጎማና መሪ፣ ከዚያ ራዲያተርና የሞተር ዘይት። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ የሻጩን ቃል አትመኑ፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ለሰበታ ጭቃ የምንፈልገው የፊት ዲፈረንሻል እንኳ ክረምት እስኪገባ ይጠብቃል።

ቀለሙ አሁንም ያምራል። ሸራውን ግን ተበድረን ነው ያስቀየርነው።