ሲሚንቶ ያነሰኝ ዕለት

አንባቢ ሆይ፣ ቤት ለመሥራት ያሰብህ እንደ ሆነ ከግንበኛው አስቀድመህ ሜትርና እርሳስ ያዝ። ይህን የምልህ የይዘትን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ የእናቴን ቤት ወለል በትክክል ማስላት አቅቶኝ በጎረቤት ፊት ያፈርሁ በመሆኔ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በጋይንት በቤተ ልሔም አካባቢ ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት ስመ ጥር ቦታ መሆኗን ሰምተህ ይሆናል። የእናቴ ቤት ወለል እንደ አብዛኛው የአገሩ ቤት የአፈር ነበረ፤ እርሱን በየጊዜው በእበት መለቅለቅ የእናቴን ጉልበት ጨርሶት ነበርና በሲሚንቶ ላሠራላት ቃል ገባሁ።

ቤቱ 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ የታሰበው የወለል ውፍረትም 10 ሳንቲ ሜትር ነው። 8 በ6 ሲባዛ 48፣ ይኸው በ0.10 ሲባዛ 4.8 ሜትር ኩብ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትሁም። ግንበኛው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር እንደሚደባለቅ ነገረኝ። እኔም ሦስቱን ደምሬ ሰባት አልሁ፤ 4.8ን ለሰባት ባካፍል ለሲሚንቶው ከ0.7 ሜትር ኩብ ጥቂት ያነሰ ደረሰው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 35 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 20 ከረጢት፣ ማለትም 10 ኩንታል ይበቃል ብዬ ከደብረ ታቦር አስጫንሁ። አሸዋውንና ጠጠሩንም በዚሁ ልክ አስመጣሁ።

በሥራው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ደቦ እንደ ተጠራ አካፋውን ይዞ መጣ። ቀኑ ወደ ማታ ሲል ግን ሃያኛው ከረጢት ተራግፎ አለቀ። ከ48ቱ ካሬ ሜትር የተሸፈነው 31 ያህል ብቻ ነበር፤ የእናቴ መኝታ ክፍል ከግማሹ በላይ አፈሩ እንዳፈጠጠ ቀረ። ግንበኛው እኔን አየ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብሠራው ያው 20 ከረጢት ነው።

በዚህ ጊዜ እናቴ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ፣ «ልጄ፣ አንድ ቁና ባቄላ ላይ አንድ ቁና ጤፍ ብታፈስበት ሁለት ቁና ይወጣሃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

አይወጣም። ጤፉ በባቄላው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይገባል። አሸዋውም እንዲሁ በጠጠሮቹ መካከል፣ ሲሚንቶው ደግሞ በአሸዋው መካከል ይገባልና ሰባት ሳጥን ደረቅ ዕቃ ሰባት ሳጥን ኮንክሪት አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማግኘት አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ደረቅ ዕቃ ያስፈልጋል። በአንድ፣ በሁለትና በአራት ድብልቅ ለአንድ ሜትር ኩብ 6 ከረጢት ተኩል ግድም ሲሚንቶ፣ 0.45 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.9 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባል። የእናቴ ወለል የሚፈልገው እንግዲህ 20 ሳይሆን 31 ከረጢት ነበር፤ ከሚደፋውና ከሚባክነው ጋር 32፣ ማለትም 16 ኩንታል።

ሁለተኛም ስሕተት ነበረብኝ። ከወለሉ ሥር የተደለደለው ድንጋይ ወጣ ገባ ነበር፤ እኔ ግን ውፍረቱን በአንድ ጥግ ብቻ ለክቼ ረካሁ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን አላት አትበል! በ48 ካሬ ሜትር ላይ ስትነጠፍ አንድ ሜትር ኩብ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀራት፤ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ትውጣለች። ስለዚህ ክር ወጥረህ በብዙ ቦታ ለካና አማካዩን ውሰድ። አሸዋ በመኪና ሲመጣልህም ከመራገፉ በፊት የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ራስህ ለካ፤ ሻጩ የሚነግርህና ሜትርህ የሚነግርህ ሁልጊዜ አይገጥሙም። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ያብጣልና ሳጥን ሞላ ማለት አሸዋው ሞላ ማለት አይደለም።

«የጎደለውን በማግሥቱ ብትሞላውስ?» ትለኝ ይሆናል። የጎንደርን ግንቦች ያቆመው ኖራ ቀስ ብሎ የሚጠና ነው፤ ሲሚንቶ ግን ውሃ ከነካው በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ ያደረው ከአዲሱ ጋር እንደ አንድ አካል አይያያዝም። ለዚህም ነው ማቋረጥ የግድ ሲሆን አስቀድሞ በበር መስመር ላይ እንዲቋረጥ የሚታሰበው። የእኔ ግን ሲሚንቶው ባለቀበት፣ በክፍሉ መካከል ተቋረጠ።

የቀረው 12 ከረጢት የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ግንበኛው የደረቀውን ጠርዝ በመሮ አሻክሮ፣ በውሃ አርሶ፣ በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀብቶ አዲሱን አስከተለ። ሰባት ቀንም እርጥብ ጆንያ አልብሰን ውሃ አጠጣነው። ሆኖም ክረምቱ ሳይወጣ በመጋጠሚያው ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ ታየ።

እናቴ ስለ ስንጥቁ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። አልጋዋን በላዩ ላይ አዘርግታ ትተኛበታለች፤ እኔ ለጥየቃ ስሄድ ግን ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው ከአልጋው እግር ወዲህ ብቅ በምትለዋ መስመር ላይ ነው።