የዐሥር ሰዓት ሻይ

በአገራችን ደጋማ ክፍል በቀድሞው ዘመን መብላት ከባዕድ ዐይን የሚሰወር ተግባር ነበር። ንጉሥ ሲመገብ መጋረጃ ይጣላል፤ መኳንንቱ ሲጎርሱ አሽከር ሸማ ዘርግቶ ይጋርዳል፤ ድኻውም ቢሆን የጎጆውን በር ገርበብ ሳያደርግ ወደ ገበታው አይቀርብም። የቡዳ ዐይን ይፈራል ቢባልም ከቡዳው ይልቅ የሚከብደው ነውሩ ነበር። እንጀራን ሰው ለእንግዳ ያቀርበዋል፣ ለጎረቤት ያካፍለዋል፣ ለነዳያን ይመጸውተዋል እንጂ ለገበያ አያወጣውም። በ1900 ዓ.ም. ግድም እቴጌ ሆቴል በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ በገንዘብ ገዝቶ ሊበላ የሚደፍር በመታጣቱ፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው ሒሳብ እንደከፈሉ ይነገራል።

እንዲህ ያለው ሥር የሰደደ እፍረት በአንድ ሆቴል መከፈት ብቻ የሚለቅ አልነበረም። ለሰፊው የከተማ ነዋሪ እፍረቱን ያላቀቀችው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ትንሿ ሻይ ቤት ናት። ምክንያቱም ሻይ ምግብ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች እንደሚሉት «ሻሂ ልቅመስ» ብሎ የገባ ሰው «በላ» አይባልም፤ ከብርጭቆው ጎን የተቀመጠችው ቁራሽ ዳቦ ግን ብዙ ጊዜ ዋናዋ ጉዳይ እርሷ ነበረች። ዕቃውም ከየአቅጣጫው ተሰባሰበ። ሳምቡሳው በዐረብ ነጋዴዎች በኩል መጣ፤ ፓስቲና ቦምቦሊኖ የሚባሉት ከነስማቸው የጣሊያን ቅሪቶች ናቸው። ቅጠሉ ደግሞ ውሎ አድሮ ከራሳችን መሬት፣ ከኢሉባቦሩ ጉማሮና ከከፋው ውሽውሽ ይመጣ ጀመር።

ከአራት ኪሎ ጀርባ ከነበሩት መንደሮች በአንዱ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የቆየች አንዲት ሻይ ቤት ለዚህ ምስክር ትሆናለች። የተጻፈ ስም አልነበራትም፤ ደንበኞቿ «እትዬ ዘንድ» ነበር የሚሏት። አራት ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ወንበር የለም፣ አግዳሚ ነው። የጭቃ ግድግዳዋ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጠዋት ቸኳይ ይበዛባታል፤ እውነተኛ ሰዓቷ ግን ዐሥር ሰዓት ነው። የከሰዓቱ ትምህርት ሲለቀቅ፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ምሳውን የዘለለውም የበላውም መክሰስ የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነውና።

የእትዬ አሠራር እንዲህ ነበር። ውሃው በትልቁ በራድ ሲፈላ ቅጠሉ ቀድሞ አይገባም። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ በቅድሚያ ይንተከተካሉ፤ ጠረናቸው በሩን አልፎ መንገደኛውን ሲደርስበት ያን ጊዜ ቅጠሉ ይጨመርና ወዲያው በራዱ ከእሳት ይወርዳል። ቅጠል እሳት ላይ ከቆየ ይመራል፤ የመረረን ሻይ ደግሞ ስኳር አይመልሰውም። ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ቀድሞ ይተኛል፤ ማማሰሉ የጠጪው ፋንታ ነው። (ስፕሪስ የሚሉት የሻይና የቡና ጋብቻም ነበር፤ ለዐይን ቢያምርም ሁለቱንም ያበላሻል።) ጠዋት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ እስከ ማታ ይደርቃልና እትዬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ሊጥ ዘይት ላይ ይጥላሉ። ረቡዕና ዓርብ ወተት ይቀራል፤ ሳምቡሳው የምስር ስለሆነ ለጾመኛውም ለማይጾመውም አንድ ነው። በዐቢይ ጾም ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭር ይላል፤ በረመዳን ወር ደግሞ ሙስሊም ደንበኞች ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲደርስላቸው አንድ በራድ ለብቻው ይጣዳል።

አግዳሚ ሰውን ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ያገጣጥማል። ቀድሞ የቀረበው «እንብላ» ይላል፤ የመጣውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ይመልሳል። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ቦምቦሊኖው ለሁለት ይገመስና «በሞቴ» ይከተላል። ሒሳብ ሲደርስ ሌላ ትግል ይነሣል። ከኪሱ ሁለት ሻይ የማይሞላ ሰው እንኳ የጓደኛውን እጅ ይዞ «እኔ እያለሁ?» ይላል። አትቁጠር የሚለው የመሶብ ሕግና ቁጠር የሚለው ሳንቲም በዚያች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይደራደሩ ነበር።

ከዘወትር ደንበኞቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ነበሩ። ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ አንድ ቀጭን ሻይ ያዝዛሉ፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ይቀመጣሉ። ጋዜጣ ያነባሉ፤ አንዳንዴም በጋዜጣው ኅዳግ ላይ የፊት ለፊታቸውን ሰው እጅ ይነድፋሉ። ሻያቸው የሚያልቀው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። አስተናጋጇ ግን ብርጭቆውን አታነሣውም። ባዶ ብርጭቆ ከፊቱ ያለ ሰው ገና በመጠጣት ላይ ነው፤ ማንም «ሌላ ይጨመር?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ማንም ቦታ እንዲለቅ በዐይኑ አይገፋውም። ይህን ያዘዟት እትዬ ናቸው። ትእዛዙን በቃል ያስረዱት ለአስተናጋጇ ብቻ ሲሆን፣ መምህሩ ያወቁ አይመስልም ነበር። ወይም አውቀው ዝም ብለዋል።

እትዬ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ትምህርት የገባው በዱቤው ደብተር ውስጥ ነበር። ደብተሩ ስም አይጽፍም፤ «ረጅሙ»፣ «የባንኩ»፣ «ባለመነጽሯ» እያለ በእርሳስ ይቆጥራል። በእርሳስ የሆነበት ምክንያት ሲከፈል እንዲጠፋ ነው ይሉ ነበር፤ ሳይከፈልም የጠፋ መስመር መኖሩን ደብተሩን ያየ ሁሉ ያስተውላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ቤቷን ገነት አድርጎ መሳል አይገባም። ከገጠር የመጣችው አስተናጋጅ ከንጋት እስከ ምሽት ትቆማለች፤ ደመወዟ ከድካሟ ጋር አይመዛዘንም፤ የእትዬ ርኅራኄም እስከ እርሷ እግሮች ድረስ ሁልጊዜ አይደርስም ነበር። የሴት ደንበኛ ብቻዋን ገብታ ያለ ሐሳብ ተቀምጣ ማየትም የብዙ ዓመት ጉዳይ ሆኗል። ባለመነጽሯ ከበሩ አጠገብ ያለውን ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምትጠጣው፤ መጋረጃው የወረደው ለሁሉም እኩል አልነበረምና። ጠጅ ቤት በዘፈንም በልብ ወለድም በቂ ድርሻ ሲያገኝ ሻይ ቤት እስካሁን ደራሲውን በመጠበቅ ላይ መሆኑም ያስገርማል። ምናልባት በሻይ ቤት ማንም ስለማይሰክር ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር መንደሩ ፈረሰ። ጭቃ ቤቶቹ ያረጁ፣ ፍሳሻቸውም አስቸጋሪ እንደነበረ የሚክድ የለም። በሰፋው መንገድ ዳር ባለመስተዋት ካፌዎች አሉ፤ ማኪያቷቸው ይጣፍጣል፣ መጸዳጃቸውም ንጹሕ ነው። ጠረጴዛቸው ለሁለት ሰው ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ብርጭቆ ባዶ እንደሆነ በቅልጥፍና ይነሣና «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ይባላል። የተማረ መስተንግዶ ነው፤ ቅሬታ አይቀርብበትም። መምህሩ አንድ ጊዜ ገብተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መውጣታቸውን የሚያውቋቸው ያስታውሳሉ።

እትዬ ዛሬ ከከተማው ዳር በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይሠራሉ። ከአራቱ ጠረጴዛዎች ሁለቱን ሸጠዋል፤ አግዳሚዎቹን ግን አልሸጡም፤ አንዱ በበሩ አልገባ ብሎ አናጢ አሳጥሮታል። አዲስ ደብተር ተጀምሯል። መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ። የታክሲው ሒሳብ ከሻዩ ዋጋ ይበልጣል።