የቢላልን ታሪክ ማን ይጻፈው?



ከመግሪብ ሶላት በኋላ በቡራዩ ሰፈሬን አቋርጬ ወደ ቤቴ ስመለስ ከየቤቱ የሚሰማኝ ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ዘመድ ልጠይቅ ሰበታ ብወርድም፣ ለለቅሶ ሱሉልታ ብወጣም ያው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ማሰራጨት ከጀመረ ወዲህ፣ ባሕር ማዶ የተጻፈ ታሪክ ከእኛው ጋር እራት ሲቀርብ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ሁሉ እኔ የማውቀው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዝጉት!» ማለት። ልጆቼ ስገባ ይዘጉታል፣ ስወጣ ይከፍቱታል።

አንድ ቀን በመድረሳ ውስጥ ደረሶቼን «ኤርቱግሩል ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጁን ያላወጣ አልነበረም። ቀጥዬ «ሶሐቦችን ተቀብሎ ያስተናገደው የሐበሻ ንጉሥ ማን ይባላል?» አልኳቸው። ሦስት እጆች ብቻ ወጡ። በዚያች ቀን ልጆቹን ገሠጽኳቸው፤ ሌሊቱን ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳሰላስል አደርኩ።

የኤርቱግሩልን ድራማ የጻፈው መህመት ቦዝዳ የሚባል ቱርካዊ ነው። ከ2014 እስከ 2019 በቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን ታየ፤ በ2020 ረመዳን ደግሞ ፓኪስታን በኡርዱ ቋንቋ ለሕዝቧ አቀረበችው። አንድ ሰው ስለ አያቶቹ ብዕር ቢያነሳ የቡራዩ ልጅ ስማቸውን አጠና። እኛስ ስለ አያቶቻችን ምን ጻፍን?

የእኛም ታሪክ ቢሆን ፊልም ሳይሆን አልቀረም፤ የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። የሐለብ ተወላጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1976 «አር-ሪሳላ» የተባለውን ፊልም በዐረብኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አካልም ድምፅም በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ዓለም ግን አይቶታል። ክልክሉን አክብሮ ታሪክ መንገር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በፊልሙ ውስጥ ጃዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ሲናገር ይታያል። በእንግሊዝኛው ቅጂ ነጃሺን ሆኖ የተወነው የቤርሙዳ ተወላጅ፣ ቢላልን (ረ.ዐ) ሆኖ የተወነው የሴኔጋል ተወላጅ፣ ከጸሐፊዎቹም ዋነኛው አየርላንዳዊ ነው። በ2015 ደግሞ በዱባይ ያለ አንድ ኩባንያ የቢላልን ታሪክ የካርቱን ፊልም አድርጎ አቀረበው። እናቱ ሐበሻዊት የሆነችው ቢላል በሁሉም አፍ ተነገረ፤ በእኛ አፍ ግን ገና ነው። ለሠሩት አላህ መልካም ምንዳቸውን ይክፈላቸው። እኛን ማን ከለከለን?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ደረሳዬ ከዐስር በኋላ ደብተር ይዛ መጣች። «ኡስታዝ፣ የፊልም ድርሰት ጽፌያለሁ፤ ቢያዩልኝ» አለችኝ። ታሪኩ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሎ ከገጠር ወደ ሰበታ ስለመጣና ሙአዚን መሆን ስለሚመኝ ልጅ ነበር። ሁለት ገጽ አንብቤ «ልጄ፣ ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ጊዜሽን በዚህ አታባክኚ» ብዬ መለስኩላት። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ሁለተኛም ደብተር ይዛ አልመጣችም።

በዚያች ሰዓት ሁለት ነገሮችን ዘንግቼ ነበር። አንደኛው፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚኖች አንዱ ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡም መክቱም (ረ.ዐ) መሆኑን ነው። ልጅቷ የጻፈችው ባዶ ምኞት አልነበረም፤ ሥር ያለው ነገር ነበር። ሁለተኛው፣ የእኔው ትምህርት ነው። በ1122 ያረፈው የበስራው አል-ሐሪሪ «መቃማት» ብሎ የጻፋቸው ታሪኮች ከአእምሮው ያፈለቃቸው ናቸው። ዑለማዎች ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ዐረብኛ ሲያስተምሩበት ኖረዋል፤ አንባቢው ምሳሌ መሆኑን ስለሚያውቅ የተታለለ የለም። በምስልና በሙዚቃ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ያንን ለእነርሱ እተወዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ብዕሩ ነው።

የፊልም ድርሰት ምን እንደሆነ ለማያውቁ ወላጆች ላስረዳ። ድርሰቱ በካሜራ የሚታየውንና በጆሮ የሚሰማውን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው። «አዘነ» ተብሎ አይጻፍም፤ ሲያዝን ምን እንዳደረገ ይጻፋል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው ይባላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው። ታሪክ እንዴት እንደሚያያዝ ማየት የሚሻ ሱረቱ ዩሱፍን ያስተውል፤ በሕልም ይጀምራል፣ ሕልሙ ሲፈታ ይቋጫል፣ በመካከሉም ያ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

በሩስ ክፍት ነውን? አዎን። በ2021 ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ፣ የአፍሪካ ጀማሪ ፊልም ሠሪዎች የየአገራቸውን ተረት በአዲስ መልክ እንዲያቀርቡ ውድድር አወጣ። ስድስት ሰዎች አሸነፉ፤ ከኬንያ፣ ከሞሪታኒያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ። ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር፣ ለፊልሙ መሥሪያም 75,000 ዶላር ተሰጠ፤ ሥራዎቻቸውም በ2023 ለዓለም ቀረቡ። የሞሪታኒያው ወጣት ያቀረበው አያቶች ስለ ጂን የሚያወሩትን ዓይነት ታሪክ ነው። ከስድስቱ መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የጽሑፍ ችሎታ ጠፍቶብን እንዳይመስላችሁ፤ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል።

ዓለም ዛሬ የሩቅ ሰፈር ታሪክ ይፈልጋል። ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ የሚሞላው ሰዓት አለበት፤ ያንን ሰዓት እኛ ካልጻፍንበት ሌላው ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ «ልጆቻችን ተበላሹ» ብሎ ማማረር ማሳውን ሳያርስ ምርቱን እንደሚጠብቅ ገበሬ መሆን ነው።

ባለፈው ዓመት ያችን ልጅ ፈልጌ አገኘኋት። አግብታ ሱሉልታ ትኖራለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ደብተሩን ያኔውኑ እንዳቃጠለችው ነገረችኝ፤ እኔም የምለው አጣሁ። ቡናውን ቀድታ ስትሰጠኝ ግን «ታሪኩ አልጠፋኝም ኡስታዝ» አለች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ስድስት ደረሶች በመድረሳው ተሰብስበው ይጽፋሉ፤ እኔም አነብላቸዋለሁ። የማላውቀውን አብረን እንማራለን። እናንተም ወላጆችና ኡስታዞች ሆይ፣ ልጅ ደብተር ይዞ ቢመጣባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡለት።

ወሏሁ አዕለም።