ከየትኛው መቀመጫ ላይ ልጅ ይታያል?

ነሐሴ ሲገባ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የሚዘልቅ መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው የከበሮ ድምፅ ነው። ይህች በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የምትገኘው የኢንዲያና ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በመኪና እሽቅድምድም ስሟ የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን የከበሮና የመለከት ጓዶች የዓመቱን ሻምፒዮና የሚለዩባትም ከተማ ሆናለች። በመሐል አደባባይዋ ከቆመው የወታደሮችና የመርከበኞች ሐውልት ተነሥቶ ወደ ስታዲየሙ በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ በየመኪና ማቆሚያው ከበሮ የታጠቁ፥ መለከት የተሸከሙ ወጣቶች በግማሽ ክብ ቆመው ያገኛል።

እኔና እናቴ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጀመሪያ ከዚያች ከተማ የተገኘነው ታናሽ እህቴን ለመጠየቅ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን የእህቴ ልጅ ናት። ልጅቱ ትራምፔት ነፊ ስትሆን፥ በዚህ ውድድር ዕድሜ 22 ሲደርስ በሩ ስለሚዘጋ ያ ክረምት የመጨረሻዋ ነበር። እናቴም «ሳልሞት አንድ ጊዜ ልያት» ብላ የጉልበት ሕመሟን ችላ አውሮፕላን ተሳፈረች።

ድራም ኮር የሚባለውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። እኛ አገር ማርሽ ባንድ ከምንለው ጋር ዝምድና ያለው ነው። ይሁን እንጂ ክላርኔት፥ ሳክስፎንና ዋሽንት አይገቡበትም፤ ከነሐስ መለከትና ከምት መሣሪያ በቀር ሌላ የሚነፋ የለም። ባንዲራ የሚያወናጭፉ ተወዛዋዦች ግን አብረው ይሰለፋሉ። ሥሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ካቋቋሟቸው የከበሮ ጓዶች ይመዘዛል። ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1971 ተመሥርቶ፥ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በዋይትዋተር ከተማ አካሂዷል። (የእህቴ ባል ይህን ሲነግረን እናቴ «ይኼማ የኛዎቹ አርባ ልጆች ናቸው» አለች። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ማለቷ ነው።) በትልልቆቹ ጓዶች ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ ወጣቶች ይሰለፋሉ። በጋውን ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየተጓዙ፥ በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ እየተኙ፥ ቀኑን ፀሐይ ላይ እየተለማመዱ ይከርማሉ። ይህ ሁሉ ልፋት በውድድሩ ዕለት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይታያል።

ችግሩ እንግዲህ ከዚህ ላይ ይጀምራል፤ ያን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ከየት ሆኖ ማየት ይሻላል?

ቲኬቱን የገዛው የእህቴ ባል ነው። ሰውየው የአዲስ አበባ ስታዲየም ልጅ ነው፤ ካታንጋ፥ ሚስማር ተራ፥ ከማን አንሼ እያለ ያደገ። ኳስ የሚታየው ከቅርብ ነው ብሎ ስለሚያምን፥ ለእናቴም ጉልበት ስላሰበ፥ ደረጃ የማያስወጣ፥ ለሜዳው የቀረበ ቦታ መረጠ። ያገኘው ከሜዳው ማዕዘን፥ ከታች አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ወደ ብር መለወጡን ትቼ ዝም አልሁ።

ሐሙስ ዕለት ለመጀመሪያው ማጣሪያ ገብተን ተቀመጥን። የልጅቱ ጓድ ተራ ደርሶ ሲሰለፉ፥ እናቴ አንገቷን ግራና ቀኝ ስታሰግግ ቆየች። ከፊታችን በሜዳው ጠርዝ ላይ እንደ ገበታ የተዘረጉ ማሪምባና ቫይብራፎኖች ተደርድረዋል። አጠገባቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የተፈቀዱት ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል፤ ለጥቆ የመሪዋ ከፍ ያለ መቆሚያ አለ። ከዚያ ወዲያ ለትርኢቱ ማድመቂያ የሚገፉ ግድግዳዎች አሉ። በነዚህ መካከል የሚታየው የትከሻና የባርኔጣ ጭፍራ ነው። ሠላሳ ልጆች በአንድ መስመር ሲቆሙ፥ ከኛ ዘንድ እንደ ታሰረ የጤፍ ነዶ አንድ ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። መስመሩ ወደ ክብ ሲለወጥ ነዶው ትንሽ ከመወፈሩ በቀር ልዩነት አላየንም።

«ልጄን ላይ ነው የመጣሁት፥ የሰው ጀርባ ልቆጥር አይደለም» አለች እናቴ።

ድምፁም አልረዳንም። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ የአሜሪካ ኳስ ሜዳ ደግሞ ከነጫፎቹ ወደ 110 ሜትር ይረዝማል። ማዕዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው በቅርብ ያለው መለከት ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ከወዲያ ጫፍ ያለው ግን የሴኮንድ ሢሶ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። በዚህ ላይ የጣሪያው ገደል ማሚቶ ሲጨመርበት፥ አንዱ ከበሮ ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል። ልጆቹ ተሳስተው አይደለም፤ መቀመጫችን ነው የሚያሳስተው።

ትርኢቱ የተሠራው ለአንድ ወገን፥ እንዲያውም ለአንድ ነጥብ ያህል ነው። ኳስ ከግራም ከቀኝም ያው ኳስ ነው። ይህ ግን በሜዳው አጋማሽ ትክክል፥ ከፍ ብለው ለተቀመጡት ዳኞች ዓይን ተነድፎ የሚሠራ ነው፤ መለከቶቹም አፋቸውን ወደዚያ አቅንተው ይነፋሉ። ከአጋማሹ በራቁና ዝቅ ባሉ ቁጥር ቅርጹ እየተጣመመ፥ ድምፁም እየተበተነ ይሄዳል። በመስቀል ደመራ ዕለት በአደባባዩ ላይኛው እርከን የተቀመጠ ሰው የሰንበት ተማሪዎቹ የሚሠሩትን የመስቀል ቅርጽ ሲያይ፥ ከታች የቆመው ጥላና ነጠላ ብቻ እንደሚያይ ሁሉ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ አገር አቋርጬ ሄጄ መርሳቴ አሁንም ያስገርመኛል።

በአጠገባችን የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ከሌላ ክፍለ ግዛት ስታሽከረክር አድራ ነው የመጣችው። ልጇ ትልቁን ከበሮ የሚመታ ነው። ለአንድ ልጅ ከብዙ ጓዶች ትርኢት ጋር ትኬት መግዛቷ ሳያንስ፥ ሙዚቃው ከፍ ሲል ፊት ያሉት ተመልካቾች ብድግ ብለው አጨበጨቡና ልጇን ሳታየው አለፈ። «ይቀመጡ!» ብላ ብትጮህ ማን ይሰማታል? ሲያበቃ ወደ እናቴ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው የተግባቡት በዚህ ነው። ኋላ ለእህቴ «ነገ ከመግባታችሁ በፊት ልጆቹ የሚያሟሙቁበትን የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። እዚያ ማንም አይከለክላችሁም፤ ገንዘብም የሚጠይቅ የለም» ብላ መከረቻት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፥ የግማሽ ፍጻሜው ሰዓት ሳይደርስ፥ ታጣፊ ወንበር ይዘን ሄድን። አስፋልቱ ይፋጃል። ልጆቹ ቅስት ሠርተው ቆመዋል፤ ዙሪያውን ተመልካች ከብቧቸዋል፤ አንዳንዱ ሕፃን በትከሻው ተሸክሟል። እናቴን ከፊት አስቀመጥናት። ከልጅቱ እስከ እርሷ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።

በሰልፍ ላይ መናገርም መሣቅም ስለማይፈቀድ ልጅቱ ዓይኗን አልነቀለችም። እናቴ ግን የፈለገችውን ሁሉ አየች። ከንፈሯ ከመለከቱ አፍ ብዛት ማበጡን አየች። አፍንጫዋ ላይ ፀሐይ ያቃጠላትን፥ አንገቷ ላይ የልብሱ ክር ያሰመረውን፥ ትከሻዋ መክሳቱን አየች። «ምን እያበሏት ነው?» ብላ ጠየቀች። ቀጥላም ጥርሷ እንደ አባቷ መሆኑን ተናገረች፤ ልጅቱ አንድ ጊዜ ለትንፋሽ አፏን ከፍታ ነበርና። ልጆቹ አንዱን ረጅም ዜማ ጨርሰው ዝም ሲሉ እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም፤ ጆሮዎቿ ግን ደም ለበሱ።

ማታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። የእህቴ ባል ቅር እያለው የገዛው ሁለተኛው ቲኬት፥ ለአጋማሹ የቀረበና ከፍ ያለ፥ ዋጋውም ከሐሙሱ ያነሰ ነበር። ለመውጣት ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፤ ውስጥ ከተገባ በኋላ ግን የሲሚንቶው ደረጃ ቀጥ ያለ ነውና ለሽማግሌ አይመችም። ስለዚህ ከላይኛው ፎቅ የመጀመሪያውን ረድፍ ነበር የያዝነው። እዚያም አንድ ፈተና አለ፤ ሰው እንዳይወድቅ የተሠራው የብረት መከታ፥ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው በትክክል ዓይኑ ላይ ያርፋል። እናቴ ጋቢዋን አራት አጥፋ ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችና ከብረቱ በላይ ሆነች። ከኋላ ያሉትን ትከልል ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ደረጃው እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ ማንም አላጉረመረመም። እናት ወይም አማት ይዛችሁ ለምትሄዱ ሁሉ ጋቢ አትርሱ እላለሁ።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሐሙስ ዕለት ነዶ የመሰለን ነገር ጥበብ ሆኖ ተዘረጋ። አንዱ መስመር በሌላው ውስጥ ሳይነካካ ያልፋል፤ ክቡ ተፈትቶ ቀስት ይሆናል፤ ቀስቱ ይተኮሳል። ድምፁም አንድ ሆኖ ደረት ይመታል። እህቴ ዐራት ክረምት ሙሉ ልጇ ምን እየሠራች እንደ ነበር ያን ዕለት ገና እንደገባት ነገረችኝ።

ልጅቱን ግን አጣናት። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሷል፥ ፊቱም ከመለከት ኋላ ነው። እህቴ «ያቻት! ያቻት!» እያለች ሦስት ጊዜ ጠቆመች፤ ሦስቱም ጊዜ ሌላ ሌላ ልጅ ነበር። የእህቴ ባል ከጎናችን ከሆነ ሰው አጉሊ መነጽር ለምኖ እስኪያስተካክል ዐሥራ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ።

ቅዳሜ ለመጨረሻው የሚቀርቡት 12 ጓዶች ብቻ ስለሆኑና የኛዋ ጓድ ስላልደረሳት፥ እቤት ተቀምጠን ውጤቱን ሰማን፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የተመሠረተው ቦስተን ክሩሴደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅቱ እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ገባችና ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ተኛች።

አሁን እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ እህቴ ከላይኛው ፎቅ ያነሣችው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ሜዳ ላይ ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ ነጠብጣቦች አሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ከግራ በኩል አንዲቱን ነጠብጣብ በጣቷ ትነካና «ይቺ ናት» ትላለች። ልጅቱ ራሷ በስልክ «አያቴ፥ እኔ በዚያች ሰዓት በቀኝ በኩል ነበርሁ» ብላታለች። እናቴ ጣቷን አላነሣችም።