መጽሐፍ በስልክ

ከለገዳዲ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ በቴሌግራም የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛው በስካን የተሠራ ፒዲኤፍ መሆኑ ነው። ፒዲኤፍ ገጹን እንደታተመ ይይዘዋል፤ በትንሽ ስክሪን አንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። ተራ ስካን ከሆነ ደግሞ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ኢፐብ (EPUB) በሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ግን ፊደሉን ስታሳድጉት መስመሩ ራሱ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ይስተካከላል። በ1958 ዓ.ም. እንደታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ወፍራም ልብ ወለድ በስልክ ለማንበብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ደራሲዎቻችንና አሳታሚዎቻችን፣ እባካችሁ መጽሐፎቻችሁን በኢፐብም አውጡልን። እኛ አንባቢዎችም ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀ ስካን መቀባበሉን ትተን ገዝተን እናንብብ።