ለእንግዳ ዓይን ያነጠፍነው ግቢ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናካፍላችሁ የግቢ ንጣፍ ወሬ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ቤት ግን የአባታችንን የዳሌ አጥንት አስከፍሎናል።

የወላጆቻችን ቤት መካነ ሰላም ነው። እኛ ልጆቻቸው ግን ተበታትነናል፤ ከፊሎቻችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ደሴ፣ አንዷ እህታችን ዓረብ አገር። ግቢው ድሮ አፈር ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ የቦረናን ክረምት ያየ ያውቀዋል። እናታችን በደወልን ቁጥር «ከጓዳ ወደ ማድቤት መሻገር አቃተኝ» ትለን ነበር። ስለዚህ ብር አዋጣን።

የሚነጠፈውን የመረጥነው በስልክ፣ ፎቶ እየተላላክን ነው። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ! ለዒድ የሚመጣው ዘመድ አይቶ እንዲደነቅ ነበር ሐሳባችን። አባታችን አንድ ጊዜ ብቻ «ልጆቼ፣ ድንጋይ አይበቃም? አገሩ ሁሉ ድንጋይ አይደል?» አሉ። ሳቅንባቸው። ሴራሚኩ ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፣ ተነጠፈ፣ ለዒድም ደረሰ። እንግዳው ሁሉ አመሰገነ፤ እኛም ኮራን።

ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ቀን፣ አባታችን ለሱብሒ ተነሱ። ኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ሦስት እርምጃ አልሄዱም። እናታችን የሰማችው የማንቆርቆሪያውን ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ ደሴ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የወራት አልጋ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ።

ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እኛ ግን የሚጎዳውን ነገር ገዝተን፣ አስጭነን፣ በገዛ አባታችን መንገድ ላይ አነጠፍነው።

ሴራሚኩን ስናስነሳ ቀድመን መጠየቅ የነበረብንን ጠየቅን። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው፤ ውሃ ሲያርፍበት እግር የሚይዝበት ነገር የለውም። ለውጭ የሚሆነው ሻካራው ነው። አንዳንድ አምራቾች እግር የመያዝ አቅሙን «አር» በሚል ፊደልና ከ9 እስከ 13 ባለው ቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አያንሸራትትም። ለዝናብ ቦታ 11ና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። እኛ ግን ስንገዛ ያየነው ቀለሙን ብቻ ነበር።

የአባታችን ድንጋይ ደግሞ እዚያው እግራችን ስር ነበር። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተሠራ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ከዚያ የቀረ ነው። ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ቢረግጡት አያልቅም። በየከተማችን የተነጠፈው ኮብልስቶንም ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ ስንቱ ወጣት በዚያ ሥራ እንጀራ እንደበላ እናንተም ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ንጣፍ አደረግን። ሰፊውን ግቢ በኮብልስቶን። አፈሩ ተቆፍሮ ወጣ፣ ገረጋንቲ ተደልድሎ ተጠቀጠቀ፣ በላዩ 5 ሳንቲም ሜትር ያህል አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ከቤቱ ወደ ቦዩ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲም ሜትር ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ውሃ አይተኛበትም። አንዱ ድንጋይ ቢሰምጥ እሱን ብቻ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል።

ኮብልስቶን ግን ወጣ ገባ ስለሆነ ለከዘራና ለባዶ እግር አይመችም። ስለዚህ ከበሩ እስከ ውዱእ ቦታውና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መንገድ በኮንክሪት አደረግነው፤ ሊሾ ተደርጎ ሳይለሰልስ፣ ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ተጭሮ። ርካሽ ነው፣ አያምርም፣ እግር ግን ይይዛል። ጎኑ ላይ የብረት መደገፊያ አስገጠምንለት።

ወንድሞችና እህቶች! ብዙዎቻችን ከሩቅ ሆነን ለወላጆቻችን ቤት እንሠራለን፣ ግቢ እናሳምራለን። ኒያችን ጥሩ ነው። ግን ብር ከመላካችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ እዚህ ላይ በነሐሴ ዝናብ፣ በጨለማ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ እግሩ የደከመው ሰው ይሄድበታል ወይ? እንግዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው። አባትና እናት በቀን አምስት ጊዜ ይረግጡታል።

ባለፈው ክረምት አባታችን ደወሉ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። «ወጥቼ ውዱእ አድርጌ ገባሁ» አሉን፤ ሌላ አልጨመሩም። እኛም ለጊዜው የምንመልሰው ቃል አጣን።